ስምንቷን የት ታስቀምጣላችሁ? ለደንጆንስ ኤንድ ድራጎንስ ገጸ ባሕርይ አሠራር

15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10፣ 8። ደንጆንስ ኤንድ ድራጎንስ ለመጫወት ገጸ ባሕርይ ስትሠሩ እነዚህን ስድስት ቁጥሮች ለስድስት ችሎታዎች ታከፋፍላላችሁ። አዲስ ተጫዋች ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ 15ቷ ነው። እኔ ግን አጠገቤ አዲስ ሰው ሲቀመጥ ከ8ቷ እንዲጀምር እለምነዋለሁ። 15ቷን ብዙውን ጊዜ የመረጣችሁት ሙያ ይወስንላችኋል። ተዋጊ ከሆናችሁ ጉልበት ላይ፣ ሌባ ከሆናችሁ ቅልጥፍና ላይ ትሄዳለች። 8ቷን ግን ማንም አይወስንላችሁም። እሷ የእናንተ ምርጫ ናት።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ በ1974 የታተመ የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ፈጣሪዎቹ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ናቸው። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። አንዱ ዲኤም ይባላል፤ ታሪኩን የሚመራው እሱ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው በታሪኩ ውስጥ ያለች አንዲት ሴት ወይም አንድ ወንድ ይሆናሉ። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» እያልን ላደግን ሰዎች ግማሹ አዲስ አይደለም። ልዩነቱ፣ እዚህ ጅቡ በሩ ላይ ሲደርስ ተራኪው ቆም ብሎ ወደ እናንተ ይዞርና «እሺ፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። የተናገራችሁት ነገር ይሳካ አይሳካ የሚለየው ደግሞ ዳይስ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ትንሽ ነገር ነው። እርሳስና ላጲስ፣ የገጸ ባሕርይ ቅጽ፣ እና ባለ 4፣ 6፣ 8፣ 10፣ 12 እና 20 ፊት ዳይሶች። መሠረታዊ ሕጎቹን አሳታሚው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት በነጻ ድረ ገጹ ላይ አስቀምጧቸዋል። መጽሐፍ ለመግዛት አትቸኩሉ። እዚህ የምጠቀመው በ2024 የወጣውን እትም ነው። ጓደኞቻችሁ በ2014ቱ የሚጫወቱ ከሆነ አንዳንድ ነገር ይለያያል፤ ዲኤሙን ቀድማችሁ ጠይቁት።

አንደኛ፦ ከወረቀቱ በፊት ሰዎቹን ጠይቁ

ብቻችሁን ቤት ተቀምጣችሁ ገጸ ባሕርይ ጨርሳችሁ አትምጡ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስጫወት ሦስት ገጽ ሙሉ ታሪክ ጽፌ ነበር የሄድኩት። የተገደለ አባት፣ የተቃጠለ መንደር፣ የበቀል መሐላ። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ሰዎች ግን ስለ ነጋዴዎች ጉዞ ቀለል ያለ፣ ሳቅ የበዛበት ታሪክ ነበር ያሰቡት። ጀግናዬ እዚያ መሀል እንደ ለቀስተኛ ሆኖ ተቀመጠ። ያኔ የተማርኩት ይህን ነው፤ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት አንድ ምሽት ለወሬ ብቻ ይመደብ።

ያን ምሽት ዲኤሙን ጠይቁት። ታሪኩ የት ነው? ውጊያ ይበዛበታል ወይስ ወሬና ሽምግልና? ሌሎቹ ምን መርጠዋል? ከዚያ ደግሞ ማንም ሊነካው የማይፈልገው ነገር ካለ ይነገር። አንድ ሰው ልጅ የሚጎዳበት ታሪክ አይችልም ይሆናል። ሌላው በቅርቡ ሰው ቀብሯል። ምክንያቱን ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ «ይሄ ይቅር» ካለ ይቀራል።

በእኛ ሰዎች መካከል ደጋግሜ ያየሁት አንድ ጉዳይ አለ። ሃይማኖቱን አጥብቆ የሚይዝ ጓደኛ ለልብ ወለድ አማልክት መጸለይ፣ ወይም «ድግምት» የሚባለው ቃል ራሱ ይከብደዋል። ይህን በቀልድ አትለፉት። ጨዋታው ለሱም ቦታ አለው። ተዋጊ፣ ሌባ፣ ወይም በባዶ እጁ የሚፋለም መነኩሴ ያለ ምንም ጸሎትና ድግምት ሙሉ ሰው ሆኖ ይጫወታል። ዲኤሙም አማልክቱን ከታሪኩ ዳር ማቆየት ይችላል።

ሁለተኛ፦ ሙያ

በዋናው መጽሐፍ 12 ሙያዎች አሉ። እዚህ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ራሳችሁን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ተራዬ ሲደርስ እጄ ምን እንዲሠራ ነው የምፈልገው? ፊት ለፊት መቆም ከሆነ ተዋጊ ወይም ባርቤሪያን፣ ማለትም በቁጣ የሚዋጋ። ከጨለማ ወጥቶ መምታትና ቁልፍ መክፈት ከሆነ ሌባ። ብዙ ዓይነት ድግምት መያዝ ከሆነ ጠንቋይ፤ ግን ንባብ ይበዛበታልና ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክረውም። ሰው ማዳን ከሆነ ክሌሪክ፣ ማለትም የአንድ አምላክ አገልጋይ።

ለምሳሌ የማሳያችሁ አሁን የምጫወታት ክሌሪክ ናት። ስሟ ዶርና ነው። ድዋርፍ ናት፤ ድዋርፎች በታሪኩ ዓለም አጭር፣ ደንዳና፣ ድንጋይ የሚያውቁ ሕዝብ ናቸው። ስም ስትመርጡ፣ ጠረጴዛ ተሻግሮ የሚጠራ አጭር ስም ይሁን። ሰው ደጋግሞ የሚሳሳተው ስም ቶሎ ወደ «አንቺ ድዋርፏ» ይለወጣል።

ሦስተኛ፦ ስምንቷ

ስድስቱ ችሎታዎች እነዚህ ናቸው። ጉልበት። ቅልጥፍና። የሰውነት ጽናት። ዕውቀት። ማስተዋል። ስድስተኛውን፣ ካሪዝማ የሚባለውን፣ ሰዎች እንደየስሜታቸው ይተረጉሙታል፤ እኛ ጠረጴዛ ላይ ግርማ ሞገስ እንለዋለን። ከዚህ የተሻለ ቃል ያለ አይመስለኝም። ሰው ፊት ስትቆሙ የሚሰማችሁ ክብደት ነው።

ቁጥሮቹ ወደ ጭማሪ ይለወጣሉ። 10 እና 11 ጭማሪ የላቸውም። 12 እና 13 ሲሆን +1፣ 14 እና 15 ሲሆን +2፣ 16 እና 17 ሲሆን +3። 8 እና 9 ደግሞ −1 ናቸው። አንድ ነገር ስትሞክሩ ባለ 20 ፊቱን ዳይስ ትወረውራላችሁ፣ ጭማሪያችሁን ትደምራላችሁ፣ ዲኤሙ ካስቀመጠው ቁጥር ከደረሳችሁ ተሳካ። ቀላል ነገር 10 ነው፣ መካከለኛ 15፣ ከባድ 20።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ዳይሱ 20 ፊት ስላለው እያንዳንዱ ነጥብ 5 በመቶ ነው። ግርማ ሞገሷ 8 የሆነች ሰው 15 የሚጠይቅ የማሳመን ሙከራ ብታደርግ 16 ወይም ከዚያ በላይ መወርወር አለባት። ከመቶ 25 ነው ዕድሏ። 10 ያላት ሰው 30 ነው። ልዩነቱ 5 በመቶ ብቻ! ስለዚህ 8ቷን አትፍሯት። ከሒሳብ አንጻር የምታስከፍለው ትንሽ ነው። ከታሪክ አንጻር ግን ብዙ ትሰጣለች።

አሁን እያንዳንዱን ቦታ አስቡት። ጉልበቱ 8 የሆነ ተጓዥ ዕቃውን ለሌላ ሰው የሚያሸክም፣ ስለዚህም ሁልጊዜ የሰው ውለታ ያለበት ሰው ነው። ጽናቱ 8 የሆነ ልጅ በሕፃንነቱ ታሞ የተረፈ፣ እናቱ እስከ ዛሬ «ጋቢ ልበስ» የምትለው ሊሆን ይችላል። (ሆኖም እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጽናት በሕይወት የምትቆዩበት ነው። ፊት ለፊት የምትዋጉ ከሆነ 8ቷን እዚያ አታድርጓት።) ዕውቀቱ 8 የሆነ ሰው ቂል አይደለም። ፊደል ያልቆጠረ፣ ነገር ግን የሰማውን የማይረሳ ነጋዴ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጀማሪ ዕውቀት 8 ሲያደርግ ገጸ ባሕርይውን ማላገጫ ያደርገዋል፤ አፉን ከፍቶ የሚዞር፣ በር ላይ የሚጋጭ። −1 እኮ ነው! በመንገድ ላይ በየቀኑ የምታገኙት፣ የምትወዱት፣ ምክር የምትጠይቁት ሰው ነው።

ማስተዋል 8 ለብቻው ይነገር። ብልህ ሆኖ የማያይ ሰው ነው። መጽሐፉን ያውቃል፣ ፊቱ ላይ የቆመው ሰው እያለቀሰ እንደሆነ ግን አይገባውም። ለጠንቋይ እጅግ የሚያምር ምርጫ ነው።

እኔ የዶርናን 8 ግርማ ሞገስ ላይ አደረግኳት። ሳስበው እንዲህ ሆነ፦ አምላኳ ይሰማታል፣ ሰው ግን አይሰማትም። ስትጸልይ ቁስል ይድናል። ስትሰብክ ግን ሰው አንድ በአንድ እየተነሣ ይወጣል። ይህን ካሰብኩ በኋላ ምንም መፈልሰፍ አላስፈለገኝም። ለምን ከገዳሟ ወጣች? ስብከት ላይ እንዳትቆም ወደ ቤተ መጻሕፍት መደቧት። ለምን ቁጡ ናት? መናገር የምትፈልገው ነገር ስላለና ስለማይወጣላት። አንዲት ቁጥር ይህን ሁሉ አመጣች።

የቀሩትን እንዲህ ደለደልኩ፦ ማስተዋል 15፣ ምክንያቱም የክሌሪክ ጸሎት ኃይሉን የሚያገኘው ከዚያ ነው። ጉልበት 14፣ ጽናት 13፣ ቅልጥፍና 12፣ ዕውቀት 10። ሌሎች ሁለት ዘዴዎችም አሉ፤ 27 ነጥብ ወስዶ ቁጥሮችን መግዛት፣ ወይም አራት ባለ 6 ፊት ዳይስ ወርውሮ ትንሿን መጣል። መወርወሩ ደስ ይላል፣ ነገር ግን አንዱ ዕድለኛ ሌላው ምስኪን ሆኖ ለወራት አብሮ መጫወት ይመጣል። ለአዲስ ቡድን የተዘጋጁትን ስድስት ቁጥሮች እመርጣለሁ።

አራተኛ፦ አመጣጥና ዝርያ

በ2024ቱ እትም ቁጥር የሚጨምርላችሁ ያሳለፋችሁት ሕይወት ነው፤ ወታደር ነበርኩ፣ ወንጀለኛ ነበርኩ፣ ምሁር ነበርኩ የሚለው። በ2014ቱ ከዝርያ ነበር የሚመጣው። አዲሱን እወደዋለሁ። ሰው በተወለደበት ሳይሆን በኖረበት መለካቱ ለታሪክ ይመቻል።

ዶርና በገዳሟ ቤተ መጻሕፍት ስለሠራች የምሁርን አመጣጥ ወሰድኩ። ይህ አመጣጥ ለጽናት፣ ለዕውቀትና ለማስተዋል ሦስት ነጥብ ያካፍላል። 2 ለማስተዋል ሰጥቼ 17፣ 1 ለጽናት ሰጥቼ 14 አደረስኳቸው። ልብ በሉ፣ 8ቷን አልነካትም። ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይፈተናል፤ ያቺን ቀዳዳ በሆነ ነገር መድፈን ያሰኛል። ተዉአት።

ሥልጠና ስመርጥም ይኸው ጥያቄ መጣ። አመጣጧ የድግምት ዕውቀትንና ታሪክን ይሰጣታል። ሙያዋ ደግሞ ሁለት ተጨማሪ እንድመርጥ ፈቀደ፤ ከምርጫዎቹ አንዱ ማሳመን ነበር። በአንደኛ ሌቨል፣ ማለትም በመጀመሪያው የዕድገት ደረጃ፣ ሥልጠና +2 ስለሚሰጥ −1 የነበረው +1 ይሆን ነበር። ይህም የሚያምር ሰው ነው፤ ስጦታ የሌለው ነገር ግን መስታወት ፊት ቆሞ ንግግር የተለማመደ። አሰብኩበትና ለዶርና አልሆነም። ሕክምናና የሰውን ልብ ማንበብ መረጥኩላት። ማስተዋሏ +3፣ ሥልጠናው +2፣ በድምሩ +5። የሰውን ሕመም በደንብ ታያለች። ማጽናናት ነው የማትችለው።

አምስተኛ፦ ሦስት ዓረፍተ ነገር

ሦስት ገጽ አትጻፉ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ምን ትፈልጋለች? ለማን ባለዕዳ ናት? ምን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አላደርግም ትላለች?

የዶርና እነዚህ ናቸው። ከገዳሟ የተሰረቀ የመድኃኒት መጽሐፍ አለ፣ እሱን መመለስ ትፈልጋለች። በልጅነቷ በረዶ ውስጥ ጠፍታ አንድ እረኛ ሌሊቱን ሙሉ ተሸክሟት አዳናት፤ ስሙን አታውቅም፣ ስለዚህ እረኛ ባየች ቁጥር ትቆማለች። የቆሰለ ሰው፣ ጠላትም ቢሆን፣ ትታ አትሄድም።

የመጀመሪያው ለዲኤሙ ነው፤ ታሪኩን ወዴት እንደሚስበው ያውቃል። ሁለተኛው ከዓለሙ ሰዎች ጋር ያስተሳስራችኋል። የኔ ልብ ግን ሦስተኛው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ዋጋ የሚያስከፍለው እሱ ነው። አንደኛ ሌቨል ላይ ዶርና ኃይል ያላቸውን ጸሎቶች ማድረስ የምትችለው ረጅም እረፍት እስክታገኝ ድረስ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሦስተኛው ጨዋታችን ላይ ከጎብሊኖች፣ ከትናንሽ ጭራቆች፣ ጋር ተዋጋን። አንዷን ለጓደኛችን አዋልኳት። አንድ ብቻ ቀረች። ዲኤሙ ታዲያ «አንዱ ጎብሊን ገና ይተነፍሳል» አለ። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ጸሎቷን ለጎብሊን ባውላት የሚቀጥለው ክፍል ውስጥ ጓደኞቼ ሊሞቱ ይችላሉ። ትቼው ብሄድ ዶርና የጻፍኳት ሰው አይደለችም። ቅጹን ሳየው ሕክምና +5 ይላል። ደም ለማቆም የሚጠይቀው 10 ነው፤ 5 ከወረወርኩ ይበቃኛል። ቀሚሷን ቀድዳ አሰረችው። ጸሎቷም ቀረችልን። ሕጉን ማወቅ ገጸ ባሕርይን ለመሆን የሚጠቅመው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ስለዚህ የማታደርጉትን ስትጽፉ ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ በየጨዋታው ሊመጣ የሚችል ይሁን። «ንጉሡን አልከዳም» ካላችሁ ንጉሡ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። ሁለተኛ፣ የሚያስከፍለው እናንተን እንጂ ጓደኞቻችሁን አይሁን። «ማንንም አላምንም» ብሎ የሚጽፍ ተጫዋች ዋጋውን አራት ሰው ነው የሚከፍልለት።

ስድስተኛ፦ ቢያንስ ከአንድ ተጫዋች ጋር ታሰሩ

ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ መዘለል አልነበረበትም። አጠገባችሁ ያለውን ሰው 8ቱን የት እንዳደረገ ጠይቁት። የኔ ጎረቤት ኪቶ የሚባል ሃፍሊንግ (ቁመቱ የልጅ የሚያህል ሕዝብ) ሌባ ነበር የሚጫወተው። 8ቱ ዕውቀት ላይ ናት። ፊደል አያውቅም፤ አንደበቱ ግን ማር ነው፣ በማሳመንም ሠልጥኗል። አምስት ደቂቃ አወራን። ገበያ ላይ ኪቶ ይናገርላታል፣ ማታ ማታ እሷ ታነብለታለች። አለቀ። የሁለቱ ጉድለት ገጠመና ወዳጅነት ሆነ።

ሕጉም ይህን ይደግፋል። ኪቶ በማሳመን የሠለጠነ ስለሆነ ዶርና ስትናገር ሊያግዛት ይችላል። ያኔ ሁለት ዳይስ ወርውሬ ትልቁን እይዛለሁ። ከመቶ 25 የነበረው ዕድሏ ወደ 44 ገደማ ይወጣል። ኪቶ ከኋላዋ ሆኖ በሹክሹክታ ቃል ሲያቀብላት አስቡት። ግን ሕጉን ካላወቃችሁና ካልታሰራችሁ ይህ ትዕይንት አይመጣም።

ሰባተኛ፦ ቅጹን ሙሉ

እዚህ ፈጠን እንበል። ክሌሪክ በመጀመሪያ ሌቨል 8 ሲደመር የጽናት ጭማሪ የሕይወት ነጥብ አላት። የዶርና 10 ነው፤ ድዋርፎች በየሌቨሉ 1 ይጨመርላቸዋል፣ ስለዚህ 11። ለመከላከያዋ የሰንሰለት ሸሚዝ 13፣ ቅልጥፍና 1፣ ጋሻ 2፣ በድምሩ 16። ጠላት 16 ካልደረሰ አይመታትም። ዱላዋ ስትሰነዝር +4፣ ስታሳርፍ ባለ 6 ፊት ዳይስ ሲደመር 2። ጸሎቶቿን ለመቋቋም ጠላት 13 መድረስ አለበት፦ 8፣ ሥልጠና 2፣ ማስተዋል 3። ከዚያ አራት ጸሎት ታዘጋጃለች። ለኔ አንድ ፈዋሽ፣ አንድ ባራኪ፣ አንድ ጠባቂ፣ አንድ የሚመታ ይበቃኛል። የሌላ ሙያ ቁጥር ቢለይም አሠራሩ ይኸው ነው።

ስምንተኛ፦ ጠረጴዛው ላይ

አሁን ተጫወቱ። ገጸ ባሕርይ የሚወለደው እዚህ ነው። «እኔ» እያላችሁ ብትናገሩ፣ «ዶርና እንዲህ ትላለች» ብትሉ ሁለቱም ያስኬዳል። ድምፅ መቀየር ግዴታ አይደለም። የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፤ «አሳምነዋለሁ፣ ልወርውር?» ከማለታችሁ በፊት ምን እንደምትሉትና ምን እንደምታደርጉ ተናገሩ። ዲኤሙ የሚጠይቀውን ቁጥር ከዚያ ነው የሚያወጣው።

እኛ በአማርኛ ነው የምንጫወተው፤ የሕግ ቃሎቹን እንዳሉ እንተዋቸዋለን። ይህ ደግሞ እንግሊዝኛ ላይ የማይገኝ ስጦታ ሰጠን። «አንተ»፣ «አንቺ» እና «እርስዎ» አሉን። አፋችሁን በከፈታችሁ ቁጥር ትመርጣላችሁ። ኪቶ የማያውቀውን ሁሉ «እርስዎ» ይላል፣ ሊሰርቀው ሲል በተለይ። ዶርና ደግሞ ሁሉንም «አንተ» ነው የምትለው። ንቀት አይደለም። አምላኳንም «አንተ» ነው የምትለው፤ ከሌላ ጋር ማውራት አልለመደችም። አንድም ዳይስ ሳይወረወር ግርማ ሞገስ 8 ጠረጴዛው ላይ ተሰማ። እናንተም ሞክሩት። ገጸ ባሕርያችሁ ማንን እንደምታከብር፣ ማንን እንደማታከብር አስቀድማችሁ ወስኑ።

ስምንቷን ሸሽታችሁ አትጫወቱ። አንዳንዴ ዙሩባት፣ አንዳንዴ በቀጥታ ግቡባት። ምሳሌ ልስጣችሁ። በረዶ እየጣለ አንድ መንደር በር ላይ ደረስን። ሽማግሌው አለቃ አናስገባም አሉ። ኪቶ አልነበረም። እኔ ዶርናን ወደፊት አስኬድኳትና «አንተ ሽማግሌ፣ በሩን ክፈት፣ ሰው በብርድ ሊሞት ነው» አልኩ። 7 ወረወርኩ። ሲቀነስ 6። አለቃው ፊታቸውን አዞሩ። ያኔ የሚዞርበትን ፈለግኩ። «እንዴት ነው የቆሙት?» ብዬ ዲኤሙን ጠየቅኩ። «በግራ እግራቸው አይረግጡም» አለኝ። ሕክምና +5 አለኝ አይደል? 14 ወረወርኩ፣ 19። ዶርና ምንም ሳትናገር ተንበርክካ እግራቸውን ያዘች፤ የቆየ ስብራት ነበር። በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ ባልወድቅ ኖሮ መንበርከኩም አይመጣም ነበር።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ጓደኛችሁን የሚያስቀይም ነገር አድርጋችሁ «ምን ላድርግ፣ ገጸ ባሕርዬ እንዲህ ናት» አትበሉ። እሷን የፈጠራችኋት እናንተ ናችሁ። ሌባችሁ ከጓደኞቹ ኪስ መስረቅ ካማረው፣ ለምን ከእነሱ እንደማይሰርቅ ምክንያት ፈልጉለት። ያ ምክንያት ከስርቆቱ የበለጠ ይጥማል። እንደዚሁ ምስጢር ካላችሁ ቶሎ አውጡት። ለአሥር ሳምንት የደበቃችሁት ምስጢር እናንተን ብቻ ነው የሚያዝናናው፤ በሦስተኛው ሳምንት ለአንድ ሰው ሹክ ያላችሁት ግን ሁለት ሰው ያጫውታል። ሌላው ሲናገር ደግሞ ስልካችሁን አትነካኩ። የሰማችሁትን አንድ ነገር ያዙና ቆይታችሁ ጠይቁት። «ኪቶ፣ ያ እናትህ የሰጠችህ ቀለበት የት ሄደ?» ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ ለአንድ ተጫዋች የለም።

ዘጠነኛ፦ ሲያድጉ

ከሦስት አራት ጨዋታ በኋላ ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች አውጥታችሁ አንብቡ። ያልሠራውን ሰርዙ። እኔ እረኛውን ልሰርዝ ነበር፤ ዲኤሙ ግን በአምስተኛው ጨዋታ አንድ እረኛ አመጣብኝ። የመረጣችሁት ሙያ ወይም ሥልጠና ካልተመቻችሁም ዲኤሙን ጠይቁ። አብዛኛው ዲኤም በመጀመሪያዎቹ ሌቨሎች ይፈቅዳል።

አራተኛ ሌቨል ላይ ትልቁ ምርጫ ይመጣል። አንዱን ችሎታ በ2 ወይም ሁለት ችሎታዎችን በ1 በ1 መጨመር ትችላላችሁ። የዶርና ማስተዋል 17 ነው፤ አንድ ሲጨመር 18 ይሆንና ጭማሪው +4 ይደርሳል። ይህ ግልጽ ነው። ሁለተኛዋን ነጥብ የት ላድርጋት? ጽናት፣ ጉልበትና ቅልጥፍና ተጋማሽ ቁጥር ላይ ስለሆኑ አንድ ነጥብ አሁን ምንም አትሰጣቸውም፤ ለወደፊት ለሚመጣው ግን መንገድ ትጀምርላቸዋለች። ጓደኞቼ ጽናት ላይ አድርጊ አሉኝ። ትክክል ነበሩ።

ያን ሳምንት ግን ወደዚያ መንደር ተመልሰን ነበር። ሽማግሌው አለቃ አልጋ ላይ ነበሩ፣ እግራቸው ድኖ ደረታቸው ታሞ። ዶርና በሩ ላይ ቆመች። ኪቶ ሊናገርላት ተነሣ፤ በእጄ ምልክት ሰጥቼ አስቀመጥኩት። «እንዴት አደሩ?» አልኩ። ከተጀመረ ጊዜ አንስቶ ለማንም ብላው አታውቅም። ዲኤሙ ዳይስ አልጠየቀኝም።

ሁለተኛዋን ነጥብ ግርማ ሞገስ ላይ አደረግኳት። ጭማሪው አሁንም −1 ነው። ቅጹ ላይ ግን 8 ተላጦ 9 ተጽፏል።